ቻይንኛ ተምሬ ጎንደር ላይ፦ ከሥራው ሁሉ ያስቸገረኝ ቁጥር

ሰሞኑን አንድ የዋጋ ድርድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ካልኩሌተር ሳልነካ አስተርጉሜ ጨረስሁ። ገዢዋ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ እናት ናቸው። ሻጩ ፎሻን ነው ያለው፤ ጓንግዶንግ ግዛት ውስጥ በሴራሚክ የታወቀ ከተማ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ቻይንኛ እያጠናችሁ «ተመርቀን የት እንገባለን?» ለምትሉ ሁሉ የደረስሁበትን ላካፍላችሁ።

ጅማሬውን አላረዝመውም። አራቱ ቃና (ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ የቃሉን ትርጉም የሚለውጠው)፣ ፒንዪን (ቻይንኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ)፣ ከዚያ ፊደሉ፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፊደልን ገጽ ሙሉ ደጋግሞ መገልበጥ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራ ላይ ማንም በእጅ ጻፉ አይላችሁም። የሚፈለገው ማንበብና በስልክ መጻፍ ነው። እኔ ዛሬም ብዙውን ፊደል ሳየው አውቀዋለሁ፣ በእጄ ልጻፈው ስል ግን ይጠፋብኛል። እስካሁን ለዚህ ብሎ ሥራ የከለከለኝ የለም። ፕሌኮ የሚባለውን መዝገበ ቃላት ግን ሳትጭኑ አትቆዩ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ ነው ያለን።

ወደ ሥራው ልምጣ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ሳይትና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ዱከም ያለው የኢንዱስትሪ ዞንም የቻይናውያን ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች አስተርጓሚው በመሐንዲሱና በሠራተኛው መሃል ይቆማል። ብዙ ያስተምራል። ግን «ቻይንኛ እችላለሁ» ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። ስለ ብረት፣ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ አማርኛውን ራሱ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማስተማር የሚፈልግ ደግሞ ማስተርሱን ቻይና ሄዶ ይማር። ለቻይንኛ መምህራን የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ኤችኤስኬ ከተባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና 5ኛውን ደረጃ በ210 ነጥብ፣ ከዚያም ኤችኤስኬኬ የተባለውን የቃል ፈተና በመካከለኛ ደረጃ ሲጠይቅ ቆይቷል። የቃል ፈተናውን እስከ መጨረሻ አታቆዩት። በጽሑፉ የበረታ ሁሉ አፉን ይፈታል ማለት አይደለም።

ጎንደር ላይ አስጎብኚነትም አለ። ፋሲል ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው፤ የሰሜን ተራሮችም ቅርብ ናቸው። እዚህ ሥራ ላይ ታሪክ ከቋንቋ ይቀድማል ባይ ነኝ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆሩበት የሚባለው እ.ኤ.አ. 1636 ማንቹዎች በኋላ ቻይናን የገዛውን የቺንግን ሥርወ መንግሥት ያወጁበት ዓመት ነው። ይህን ለቻይናዊ እንግዳ ስትነግሩት ዘመኑን በራሱ ታሪክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ ይከታተላል። ገቢው ግን እንግዳ ሲመጣ የሚመጣ፣ ሲቀር የሚቀር ስለሆነ ብቻውን አትያዙት።

እኔ የያዝሁት ሌላ ነው። ከቻይና ዕቃ ለሚያመጡ ነጋዴዎች በዊቻት፣ በቻይናውያን የመልእክት መተግበሪያ፣ እደራደራለሁ። እውነቱን ለመናገር ንግድ ውስጥ የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም። ሐሳቤ ማስተማር ነበር፤ ዛሬም ልቤ እዚያ ነው። ግን ከተማዬ ላይ ፈላጊ ያገኘሁት በዚህ ነው። እናም እንደ ቁጥር ያስለቀሰኝ ነገር የለም።

ቻይናውያን ትልቅ ቁጥርን የሚከፍሉት በሺህ ሳይሆን በዐሥር ሺህ ነው፤ «ዋን» ይሉታል። እኛ አርባ አምስት ሺህ ስድስት መቶ የምንለው ለእነሱ አራት ዋን ከአምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው። በንግግር ላይ ደግሞ የመጨረሻዋን «መቶ» ይተዋታል። «ስ ዋን ዉ ቺየን ሊዮ» (አራት ዋን አምስት ሺህ ስድስት) ሲሏችሁ 45,006 ይመስላችኋል። አይደለም፣ 45,600 ነው። 45,006 ቢሆን ኖሮ መሃል ላይ «ሊንግ» ብለው ዜሮ ያስገቡ ነበር። ሊንግ ካልሰማችሁ የመጨረሻው አሃዝ ከፊቱ ካለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚወርደው። በዚህ ላይ የደቡብ ቻይና ሰዎች አነጋገር አለ። ብዙዎቹ «ስ» እና «ሺ»ን ስለማይለዩ 4 እና 10 አንድ ዓይነት ይሆኑባችኋል። 14 እና 40 የሚለዩት በቃና ብቻ ነው።

መላውን ያገኘሁት ቄስ ትምህርት ቤት ከተማርሁት ነው። የግዕዝ ቁጥርን አስታውሱ። ከ፻ ቀጥሎ የራሱ ምልክት ያለው ፼ ነው፤ ዐሥር ሺህ። ሺህ የብቻው ምልክት የለውም፤ ፲፻ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ 45,600 በግዕዝ ፬፼፶፮፻ ነው። ፊት ያለው ፬፼ ልክ የእነሱ አራት ዋን ነው። መቶ ሺህ ፲፼ ይሆናል፤ እነሱም ዐሥር ዋን ይሉታል። ሚሊዮን ፻፼ ነው፤ እነሱም መቶ ዋን ይላሉ። ይህን ያየሁ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የሚያስፈልገኝ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ላይ ነበር።

አሁን ዋጋ ስሰማ መጀመሪያ ፼ን እጽፋለሁ። ከፊቱ የዋኑን ቁጥር፣ ከኋላው አራት አሃዝ አሰፍራለሁ። ከዚያ በአማርኛ አነበዋለሁ። ልምምዱን በየመንገዱ አደርገዋለሁ፤ ፒያሳ ስሄድ ያየሁትን የዋጋ መለጠፊያ ሁሉ በዋን እቆጥራለሁ። የኤችኤስኬ መለማመጃ ለዚህ አይበቃም። 2,500 ቃል የያዘ ሰው ሁሉ ዋጋ መስማት ይችላል ብዬ አላምንም፤ ቁጥር ለብቻው መሠልጠን አለበት።

ሰሞኑን ያልኋችሁ ድርድር እንዲህ ነበር። 1,200 ካሬ ሴራሚክ፣ ካሬው በ38 ዩዋን፤ ድምሩ 45,600። ቀብዱ 30 በመቶ። ሻጩ በድምፅ «ዪ ዋን ሳን ቺየን ሊዮ ባይ ባ» (አንድ ዋን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ስምንት) አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀብዱን ስንት አሉሽ?»

«13,680 ዩዋን ነው እትዬ። ቀሪው 31,920 ከመጫኑ በፊት ይከፈላል።»

ወዲያው አልኋቸው። ያም ሆኖ ሻጩን በአሃዝ አስጽፌዋለሁ። የቱንም ያህል ብትበረቱ ገንዘብ ከመላኩ በፊት አስጽፉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ሰዓቱም ያምታታል። ቻይና በ5 ሰዓት ትቀድመናለች፤ እኛ ደግሞ ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን። ሁለቱን ማሰላሰል ቀርቶ እነሱ በሚሉት ሰዓት ላይ 1 ደምሩ። ከሰዓት በኋላ 3 ካሉ፣ ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ማታ 6 ላይ ቢሮ እንዘጋለን ካሉ፣ ለእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ድርድር ከምሳ በፊት ይለቅ።

የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ሠራተኛው ወደ አገሩ ይሄዳል። ደንበኞቼን ትዕዛዛችሁ ከኅዳር አይለፍ እላለሁ። ጥምቀት አልፎ «አሁን እንዘዝ» የሚል ነጋዴ ብዙ ይጠብቃል።

ቀጥዬ የማጠናው የጉምሩክና የማጓጓዣ ቃላትን ነው፤ እዚያ ገና ነኝ። ጎንደር ያላችሁ የቻይንኛ ተማሪዎች እሑድ ከሰዓት ቁጥር አብረን እንለማመድ። አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በ፼ ይጻፍ። የምትችሉ ከሻጭ የተላከላችሁን የድምፅ መልእክት ይዛችሁ ኑ፤ የደቡቦቹ ድምፅ ከሆነ ይበልጥ ይጠቅመናል።