የጾም ፒዛ በጣልያን፦ ከሮም እስከ ፓሌርሞ

ለፍልሰታ ጣልያን ልሄድ ነው ስል ያልሳቀብኝ ሰው የለም። ቺዝ ሳትበዪ ጣልያን ምን ልትሠሪ ነው፣ ጾሙ እስኪፈታ ብትታገሺ ምን ነበረበት አሉኝ። ፈቃዴ የወጣው በነሐሴ ነው፣ ምን ላድርግ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔ ፒዛ ላይ ለቺዙ ብዙም ደንታ የለኝም፣ የኔ ነገር ሊጡ ነው። አዲስ አበባ ፒዛ ቤት ስንገባ ጓደኞቼ ሃፍ ሃፍ አዘው ላዩ ላይ ምን ይሁን እያሉ ሲከራከሩ እኔ ቁራጩን ገልብጬ ታቹን ነው የማየው፣ ነጭ ከሆነ በቃ ኬቻፕ ቢፈስበት ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት አይወርድልኝም። የኛ ሀገር የጾም ፒዛ ደግሞ ድንቹም ካሮቱም ጥቅል ጎመኑም ላዩ ላይ ስለሚቆለል ከሥር ሊጥ ይኑር ካርቶን ይኑር አይታወቅም።

ታላቅ እህቴ ሮም ከገባች ቆይታለች። አንዲት አሮጊት ቤት አድራ ትንከባከባለች፣ እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ቀን ብቻዬን ነበር የምዞረው። ኮሎሲየሙን አየሁት፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ስለሱ ሌሎች ጽፈዋል።

የሮም የመጀመሪያ ችግሬ ሰዓት ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፣ እነሱ ደግሞ ብዙዎቹ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ኩሽናቸውን ዘግተው እስከ ማታ አንድ ሰዓት ይጠፋሉ። ክቡን ፒዛ የሚጋግሩት የድሮ ቤቶች እንደውም አብዛኞቹ ማታ ብቻ ነው የሚከፍቱት። ርቦኝ በር በር ሳንኳኳ አንዱ አስተናጋጅ ወንበር እየገለበጠ ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅል አየኝና እጁን ብቻ አወዛወዘ፣ ቃል አላወጣም፣ እንዴት እንደተናደድኩ።

ያዳነኝ ፒዛ አል ታልዮ ነው። በረጅም የብረት ትሪ የተጋገረ አራት ማዕዘን ፒዛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፣ የፈለግሽውን ያህል በጣትሽ ታሳያለሽ፣ በመቀስ ቆርጠው ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፣ በኪሎ ሒሳብ ነው የሚከፈለው። መቀሱ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ቺፕሮ ሜትሮ አጠገብ ያለው ፒዛሪዩም የታወቀው ነው፣ ጋብሪዬሌ ቦንቺ በ2003 የከፈተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሰው ቆሞ ነው የሚበላው። እዚያ ቲማቲም ብቻ ያለበትን ቀዩን በላሁ፣ ሊጡ ውሃ የበዛበት ስለሆነና ረጅም ሰዓት ስለሚያርፍ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ታቹ ግን ጥርስ ስር ይሰበራል። ዋጋው ግን በኪሎ ሲሆን ዓይን ያታልላል፣ ትንሽ መስሎኝ ያስቆረጥኩት 9 ዩሮ ገደማ መጣ።

ከሱም የበለጠ የወደድኩት እህቴ ሰፈር ካለ ዳቦ ቤት የገዛሁትን ፒዛ ቢያንካ ነው። ላዩ ላይ ምንም የለም፣ ዘይትና ጨው፣ አለቀ። ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ይሰጡሻል፣ ወረቀቱ ወዲያው በዘይት ይረጥባል፣ ላዩ በጣት የተጫነበት ቦታ ሁሉ ሰርጉዶ ዘይት ያቁራል፣ በመሀል ያበጡት ጉብታዎች ደግሞ ቡናማ ሆነው ሲነኩ ይፈረከሳሉ፣ የጨው ድንጋዩ አልፎ አልፎ ምላስ ላይ ይመጣል። ሮማውያኑ መሀሉን ሰንጥቀው ሞርታዴላ ይከቱበታል፣ እኔ ባዶውን ነው የበላሁት፣ ማንም ደግሞ ጾመኛ ናት ብሎ አላዘነልኝም። ሌላ ቀን ድንችና የጥብስ ቅጠል ያለበትን አገኘሁ፣ እሱም ጾም ነው።

ሐሙስ ማታ እህቴ ቴስታቾ የሚባል ሰፈር ወሰደችኝ። የሮም ክብ ፒዛ ማለት በመዳመጫ ተዳምጦ እስከ ዳር ድረስ የሳሳ፣ ሊጡ ውስጥ ዘይት የገባበት ነው፣ መዳመጫው አየሩን ጨፍልቆ ስለሚያስወጣው አያብጥም፣ እሳቱም ከናፖሊው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆይቶ ይበስላል፣ ውሃው ይደርቃል። ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ያለበትን ማሪናራ አዘዝኩ፣ ዳሩ ጠቁሮ መጣ፣ ቢላዋ ሳሳርፍበት ተሰነጠቀ። በቃ የእናቴ ቂጣ፣ ምጣድ ላይ ትንሽ ረስታው የሚያርርባት ዓይነት። ሌላው ሰው ይሄ ብስኩት ነው ሊል ይችላል፣ ይበል። እህቴ «አየሽ አይደል፣ ናፖሊ ሄደሽ ያንን እርጥብ ነገር ብር አታውጪበት» አለችኝ፣ ሮማዊት ሆና አረፈችው።

ቅሬታዬን ልናገር፣ ፓንቴዮን አካባቢ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ክፍት ያገኘሁት ቤት ገብቼ ነበር (ለቱሪስት የተዘጋጁት አይዘጉም፣ ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ)። ፒዛው በረዶ ቤት ቆይቶ የወጣ ይመስላል፣ ጠርዙ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ውሃ 5 ዩሮ፣ ያላዘዝኩት ዳቦ 3 ዩሮ። ፒዛ ለሚበላ ሰው ዳቦ! ዳቦውን አልነካሁትም ብል ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ለእህቴ ስነግራት እኔ ሳልኖር ለምን ገባሽ ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

ናፖሊ የሄድኩት በዝግተኛው ባቡር ነው፣ ፈጣኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፣ የኔ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ አይሠራም። የደረስኩት በፌራጎስቶ ዋዜማ ነው። ፌራጎስቶ እነሱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሚያከብሩት በዓል ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9፣ የእመቤታችን ዕርገት ማለት ነው፣ የኛው በዓል በሳምንት ቀድሞ። እኛ ገና እየጾምን እነሱ ዘግተው ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ ጀምሬ ስልኬ ላይ ምልክት አድርጌበት የነበረው ቤት በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፎ ለእረፍት ሄዷል። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ላቤ እየፈሰሰ ቪያ ዴይ ትሪቡናሊን ወጣሁ ወረድኩ፣ ክፍት የሆነው ጋ ደግሞ ሰልፉ መንገድ ዘግቷል።

እዚያ ሰልፍ ላይ ነው ሲኞራዋን ያገኘኋት። ሰባ ዓመት ይሆናታል፣ ማራገቢያ ይዛ እኔንም ጨምራ ታራግባለች። ምን ልትበዪ ነው አለችኝ፣ በሰባራ ጣልያንኛዬ ማሪናራ፣ ቺዝ አልበላም አልኳት። አለርጂ ነው? አይ ጾም ነው፣ የማዶና ጾም፣ የእመቤታችን ማለቴ ነው። ወይኔ ያን ካልኳት በኋላ ሰልፉ ላይ ላሉት ሁሉ አወጀችው፣ ይቺ ልጅ ለማዶና ትጾማለች እያለች፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ደግሞ ማሪናራ ጥሩ ምርጫ ነው አለችኝ፣ ከማርጌሪታ በፊት የነበረችው እሷ ናት፣ ማርጌሪታ ገና በ1889 ለንግሥቲቱ የተሠራች ናት ብላ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የሚባለውን ጋጋሪ እንደ ጎረቤቷ አድርጋ አወራችልኝ። (ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ፣ እሷ ፊት ግን አይነሳም።)

ተራችን ሲደርስ ከምድጃው ፊት ለፊት ነበርን። የናፖሊ ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፣ ዘይትም ወተትም አይገባበትም፣ ስለዚህ ሊጡ ራሱ ጾም ነው። መዳመጫ ክልክል ነው። ልጁ ኳሷን ከመሀል ወደ ዳር በጣቱ እየገፋ አየሩን ጠርዙ ላይ ይሰበስበዋል፣ ሁለቴ በጥፊ እንደመምታት ያገላብጣታል፣ ቲማቲሙን በጭልፋው ጀርባ እያዞረ ይቀባል፣ ወዲያው ወደ እሳቱ። በ1984 የተቋቋመ ማኅበር አላቸው፣ ደንብ ያወጣ፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው የሚለው፣ ምድጃው 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ የሚነድ ነው። የዚህን የእጅ ሙያ ዩኔስኮም በ2017 መዝግቦላቸዋል።

የኔ ችግር እዚያው ላይ ነው። በደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ያብጣል፣ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያወጣል፣ መሀሉ ግን ውሃው ለመውጣት ጊዜ የለውም፣ ስታነሺው ጫፉ ተልፈስፍሶ ይወርዳል፣ ቲማቲሙ ሳህን ላይ ይቀራል። ቀደም ብዬ ሌላ ቦታ የበላሁት እንደዚያ ነበር፣ ጠርዙን በደስታ በላሁ፣ መሀሉን በማንኪያ ልበላ ምንም አልቀረኝ። ይህን ለሲኞራዋ ስነግራት ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ልጁ ዞራ ቤን ኮታ አለችው፣ በደንብ ይብሰል። ልጁ አልተስማማም። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ማዶና የሚለው ቃል ድጋሚ ሲነሳ ሰማሁ። በመጨረሻ እያጉረመረመ አካፋው ላይ አድርጎ መልሶ ከተታት፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ አዞራት፣ አዞራት፣ አወጣት።

ሲኞራዋ አራት እጥፍ አጥፋ ወረቀት ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ፣ ቆመሽ ብዪ ብላ። የተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ታቹ ጠንከር ብሎ መሀሉ ደግሞ እንደ ዳቦ ለስላሳ፣ ጭሱ ሊጡ ውስጥ ገብቷል። ከሮሙ ትበልጣለች? አትበልጥም። ግን እንደዚያ ቀን ፒዛ ጣፍጦኝ አያውቅም፣ ገንዘቡንም አላስከፈለችኝም፣ ቦርሳዬን ስከፍት እጄን በማራገቢያዋ መታችኝ።

አማልፊ፣ ሳሌርኖ፣ ባሕር፣ ሎሚ፣ ፎቶ። አለፈ።

ከሳሌርኖ ወደ ፓሌርሞ የሌሊት ባቡር ያዝኩ፣ አልጋ ያለው ውድ ስለሆነ መቀመጫ ቆረጥኩ፣ ይሄ ሌሊት ለጠላትም አይሁን። ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ እግሩን መቀመጫዬ ላይ ሰቀለ፣ መስኮት ስከፍት ይዘጋዋል፣ ሲተኛ ያንኮራፋል። ሌሊት ላይ ባቡሩ ቆመና ብረት ሲንቋቋ እንባንናለን፣ ለካ ባቡሩን ቆራርጠው መርከብ ላይ እየጫኑት ነው፣ ቪላ ሳን ጆቫኒ ላይ፣ ወደ መሲና ለመሻገር። ባቡር በመርከብ! ያን ጊዜ ብቻ ንዴቴ ለቀቀኝ፣ ወደ ላይ ወጥቼ ነፋስ ላይ ቆምኩ።

ፓሌርሞ የደረስኩት ጾሙ የተፈታ ዕለት ነው፣ ነሐሴ 16። ባላሮ ገበያ በባጃጅ ስፊንቾኔ የሚሸጥ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ስፊንቾኔ የፓሌርሞ ፒዛ ነው፣ ወፍራም፣ እንደ ስፖንጅ የሚመለስ፣ ላዩ ላይ ቲማቲም፣ ብዙ ሽንኩርት፣ በጨው የተቀመጠች ትንሽ ዓሣ፣ ካቾካቫሎ የሚባል ቺዝና የዳቦ ፍርፋሪ። የመጀመሪያ ፍስኬ እሱ ሆነ። ፍርፋሪው ጎበዝ ሐሳብ ነው፣ ዘይቱን ይመጥና ይንኮሻኮሻል፣ ማለትም መሰበር ያለበት ነገር ከታች ሳይሆን ከላይ ነው ያለው። ታቹ ግን ዘይት የጠገበ ለስላሳ ነው፣ ገልብጬ አየሁት፣ ፊቴን ያየው ሻጭ ሳቀ። ወፍራም ሊጥ የምትወዱ ሰዎች ፓሌርሞ ሂዱ፣ የናንተ ሀገር ነው። ለኔ አንድ ቁራጭ በቂ ነው።

እዚያው ቆሜ እያለሁ እህቴ በቪዲዮ ደወለች፣ ዶሮዋን ሠርታ፣ እንቁላሉን ወደ ካሜራው አስጠግታ እያሳየችኝ። «ዛሬም ፒዛ? አንቺ ጤነኛ ነሽ ግን?» አለች። ስፊንቾኔውን ገልብጬ ታቹን አሳየኋት፣ «ነጭ ነው፣ ጣይው» አለችኝ። 2 ዩሮ ከፍዬበታለሁ፣ ጨረስኩት። ለምሳ ግን ዓሣ ነው የበላሁት።