አፈር በሃይላንድ

ሰው ስራህ ምንድነው ሲለኝ ሰዓሊ ነኝ እላለሁ፣ ግን ቤቴ የመጣ ሰው ቶሎ አያምነኝም፣ ምክንያቱም ከሸራው በፊት የሚያየው አልጋ ስር የተደረደረውን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ ውስጡ ደሞ አፈር። ቀይ አለ፣ ቡና የመሰለ አለ፣ አመድ የመሰለ አለ፣ አንዱ እንደውም ቁርጥ በርበሬ ነው የሚመስለው። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ የግራር ፍሬ፣ የወይራ ቅርፊት፣ የቆቅ ላባ ምናምን። እናቴ ደሴ ስትመጣ "ሰው ቤቱን ከአፈር ያጸዳል አንተ ታስገባለህ" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

የተጀመረው በፍልስፍና አይደለም፣ በብር ነው። አክሪሊክ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ ባስመጣሁ ቁጥር ጨምሮ ይጠብቀኛል፣ አንድ ቱቦ ነጭ ለመግዛት ሁለቴ የማስብበት ደረጃ ደረስኩ። ታዲያ አንድ ቀን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ (ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ሁሉ ይደፈናል፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት ኮምቦልቻ ደግሞ ከዛ 600 ሜትር ገደማ ታች) መንገድ ሲሰራ የተቆረጠውን የተራራውን ገጽ አየሁት። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው'ኮ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ ነገር፣ ከዛ ግራጫ። በማግስቱ ፌስታል ይዤ ሄድኩ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አሳፋሪ ነው። አፈሩን በወንፊት ነፋሁ፣ ከእንጨት ኮላ ጋር ለወስኩ፣ ሸራ ላይ ቀባሁ፣ ማታ ሸጋ ሆኖልኝ ነበር፣ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ስራው በጋ ላይ እንደደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ከዛ ዩቲዩብ ገባሁ። ሁለት ዓመት ዩቲዩብ ላይ ቆየሁ፣ የእምነበረድ ሰሌዳ ግዛ፣ የመስታወት መፍጫ ግዛ፣ እኔ ደሞ ለመግዛት አይደለም ነገሩን የጀመርኩት።

ያገላገለችኝ አንዲት ገበሬ እናት ናት። ከሐረጎ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ከአንድ ማሳ ዳር አፈር ስቆፍር ባለማሳው መጣ፣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም፣ "መሬት ልትለኩ ነው?" አለኝ። አይ ቀለም ልሰራ ነው ስለው የባሰ ተጠራጠረ። ኦፓል የምፈልግ መሰለው መሰለኝ፣ አይፈረድበትም፣ ደላንታ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወሎ ውስጥ መሬት የሚጭር ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። ስልኬን አውጥቼ ስዕሎቼን አሳየሁት። እሱ ሳይሆን እናቱ መጡና ሳቁ። "ለልቅለቃ ነው በለኛ!" አሉ።

በቃ እዛ ጋ ነው የገባኝ። እኚህ ሴትዮ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲለቀልቁ የኖሩ ናቸው፣ የትኛው አፈር ይይዛል የትኛው ይረግፋል ከኔ በላይ ያውቁታል። የያዝኩትን ጥቁር አፈር እፍኝ አድርገው ምራቃቸውን እንትፍ አሉበት፣ መዳፋቸው ላይ አሹት፣ "ይሄ ዋልካ ነው፣ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለግድግዳም አይሆን" አሉኝ። የኔ ሸራ ለምን እንደተሰነጠቀ በአንድ ምራቅ ተፈታ። ከዛ ከቤታቸው ጓሮ ወስደው ነጭ አፈር አሳዩኝ፣ ግድግዳ የሚያነጡበት፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚለሰልስ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ሰጡኝ። ቡናም ጠጥቼ ነው የተመለስኩት፣ ያውም ሦስቱንም።

አሁን የምሰራበት መንገድ ይሄ ነው፣ ሊሞክር ለፈለገ ሰው። አፈሩን ባልዲ ውስጥ ውሃ አፍስሼ በደንብ አማስላለሁ፣ ከዛ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ትንሽ ነው የምላችሁ፣ አሸዋው ወደ ታች እስኪወርድ። ላዩ ላይ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጠዋለሁ፣ አሸዋውን እደፋለሁ። ድፍርሱ አድሮ ሲጠል ላዩን ጠርቶ ታገኙታላችሁ፣ የጠራውን ቀስ ብላችሁ ታፈሳላችሁ፣ ስሩ የቀረው ጭቃ እንደ ቅቤ ነው፣ እሱ ነው ቀለሙ። አድርቄ በመጅ እፈጨዋለሁ፣ በአሮጌ ነጠላ እነፋዋለሁ። ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ነው የምገዛው፣ ጠራ ያለውን እየመረጥኩ፣ ቅርፊት የበዛበት አያዋጣም። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ አሳድረዋለሁ፣ በሻሽ አጠልለዋለሁ፣ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ትንሽ ማር፣ እንዳይሻግት ደግሞ ቅርንፉድ። ቅርንፉዱን አትርሱት። ደሴ ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ያለ ቅርንፉድ ያስቀመጥኩት ሙጫ በሦስተኛው ቀን የተበላሸ ሊጥ ሸተተኝ።

ሌላው ጥፋቴ አጋም ነው። አፈር ሲሳካልኝ ተክልም ይሳካል አልኩና የአጋም ፍሬ ጨምቄ ሐምራዊ አወጣሁ፣ ወላሂ እንደዛ ዓይነት ሐምራዊ በቱቦ አይሸጥም። ሰራሁበት፣ ተሸጠም፣ ገዢው መስኮት ፊት ለፊት ሰቀለው፣ ስምንት ወር ሳይሞላ ደወለልኝ፣ ሐምራዊው የቀዘቀዘ ሻይ ሆኗል። ብሩን መለስኩ። ያን ሰሞን ሃይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው ትዝ የሚለኝ የነበረው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ ስዕሎቹ 700 ዓመት አልፏቸው ዛሬም አሉ፣ የኔ አንድ ክረምት አላለፈም። የፍሬና የአበባ ቀለም ፀሐይ ይበላዋል፣ አፈር ግን መጀመሪያም ፀሐይ ላይ የኖረ ነገር ነው። አሁን አጋምን ለስኬች ደብተሬ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ደብተር ይዘጋል።

ስለ ግራር ፍሬውም ላውራ። አንድ ካርቶን ሙሉ ሰብስቤ ለትልቅ ስራ አስቀምጬ ነበር፣ ሸራ ላይ ልለጥፈው። ከወር በኋላ ስከፍተው ፍሬው ሁሉ በመርፌ የተወጋ ይመስላል፣ ስሩ ዱቄት፣ ነቀዝ እየተራመደ። ከዛ ወዲህ የሰበሰብኩትን ፍሬ በፌስታል ቋጥሬ ጎረቤት ያለ ስጋ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ሳምንት አሳድረዋለሁ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ እብድ ነው ብሎኝ ነበር፣ አሁን ራሱ "ዛሬ ምን አመጣህ" ይላል።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ነቀዙም አጋሙም አይደለም፣ እስክሪብቶ ነው። ጠርሙሶቹ ላይ የት እንደቆፈርኩ፣ መቼ እንደቆፈርኩ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ እለጥፍ ነበር። ነሐሴ ላይ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጽሁፉ ሁሉ ተጠራርጎ ሰማያዊ ውሃ ሆነ። አርባ ምናምን ጠርሙስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አፈር። ቀለሙ አለ'ኮ፣ መቀባት ይቻላል፣ ግን የኔ ስራ አፈሩ ከየት እንደመጣ ነው፣ እሱ ከሌለ ቡናማ ብቻ ነው። አሁን በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ እርሳስ ውሃ አይፈታውም፣ አንዱን ወረቀት ውጪ እለጥፋለሁ አንዱን ጠቅልዬ ጠርሙሱ ውስጥ እከተዋለሁ። የጠፉትን እንደገና ለመሰብሰብ ስመለስ አንዳንዱ ቦታ ላይ ግንብ ተሰርቶበታል፣ አንዱ ጋ መሬቱ ራሱ ተንዷል።

አሁን የያዝኩት ስራ ረጅም ጠባብ ሸራ ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ እየወረደ የሚሄደው አፈር በቅደም ተከተሉ። ባለፈው ጠቅልዬ እኚያ እናት ጋ ወሰድኩት፣ የሳቸውም ነጭ አለበት። ግቢ ውስጥ ዘረጋሁላቸው። ከዳር እስከ ዳር አላዩትም፣ ቀጥታ ወደ ነጩ ሄዱ፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ ጣታቸውን አዩት።

"ይሄ ሳስቷል" አሉኝ፣ "አንድ እጅ ድገመው።"