በትንሽ ሞተር ላይ የሚሞቅ እጀታ ስገጥም

ጅማ ውስጥ ከአጂፕ መርካቶ፣ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ብቻ ሞተር ሳይክል ለሚነዳ ሰው በኤሌትሪክ የሚሞቅ የመሪ እጀታ ቅንጦት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ረፋድ ላይ ጃኬት ይወልቃል። የእኔ ሥራ ግን ከከተማው ውጭ፣ ከፍታው ላይ ዴዶ ነው፤ ማልጄ ነው የምወጣው፤ መንገዱም ዳገት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭጋጉና ካፊያው ይጨመርበታል። የራሰ ጓንት ነፋስ ሲያገኘው ጣት ይደነዝዛል። እኔን ያሳሰበኝ ሕመሙ አልነበረም። ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን በሁለት ጣት ለስለስ ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ልኩን አያውቅም፤ ወይ አይዝም፣ ወይ አንቆ ይይዝና ጎማው ይንሸራተታል።

ዕቃውን ያመጣልኝ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ ነው፤ 12 ቮልት፣ ለ22 ሚሊ ሜትር መሪ የተሠራ። አብዛኛው ትንሽ ሞተር መሪው 22 ስለሆነ እዚህ ላይ ችግር የለም። ማየት ያለብን ቀኙን ነው። በግራ በኩል እጀታው የሚለብሰው ብረቱን ነው፤ በቀኝ ግን ብረቱ ላይ የሚሽከረከረውን የጋዙን ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ስለዚህ የቀኙ እጀታ ውስጡ ከግራው ሰፋ ማለት አለበት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ቀኙ ስለማይገባ ብሩን ባያወጡ ይሻላል።

ካቻቢቴ ሳላነሳ በፊት ሒሳብ ሠራሁ፤ ቀሪውን ሁሉ የወሰነውም እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ 36 ዋት ይላል። ለ12 ቮልት ሲካፈል 3 አምፔር ይመጣል። ለመኪና ይህ ምንም አይደለም። የእኔ ሞተር የፊት አምፖል ግን 35 ዋት ነው፤ እጀታውን ማብራት ሌላ የፊት መብራት መጨመር ማለት ነው። ዲናሞው ደግሞ የሚሰጠው እንደ ዙሩ ነው፤ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር) ጥቂት፣ ጋዝ ሲያገኝ በቂ። ቴስተር ባትሪው ላይ አድርጌ ስለካ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ተነሥቶ ጋዝ ሲያገኝ 14 ገደማ ነበር። ከተገጠመ በኋላ ሁለቱም እጀታ በከፍተኛው ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ወደ 12.3 ይወርዳል፤ በጉዞ ዙር 13.6 ይይዛል። በጉዞ ላይ ባትሪው እየሞላ ነው ማለት ነው፤ ቆሜ ሳሞቅ ግን ከባትሪው ላይ ነው የምበላው። ሰው ስጠብቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ የማጠፋው ለዚህ ነው።

በቀጥታ ባትሪ ላይ ማሰር ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። እኔ አልወደድኩትም። ቁልፍ ተነቅሎም እጀታው መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ 5 አምፔር ሰዓት የምትይዘዋን የእኔን ባትሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ያደርጋታል። ስለዚህ በሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌትሪክ ተከፍቶ ትልቁን በሚያሳልፍ ማብሪያ፣ እንዲሆን ወሰንኩና አንድ ወጣት ኤሌትራውቶ ጋ ሄድኩ፤ እጁ ንጹሕ ነው፣ ሽቦ ሲቀጥል ጠምዝዞ ናስትሮ ከመጠቅለል ይልቅ በስታኞ ይበይዳል።

«ጋሼ፣ መስመሩን ከፊት መብራቱ ልጥለፍልዎት? ቅርብ ነው» አለኝ።

«ቆይ የኔ ወንድም፣ መጀመሪያ ሞተሩን ሳናስነሳ ቁልፉን ብቻ እንክፈተው» አልኩት።

ከፈትነው። ክላክሱ ጮኸ፣ የፍሬን መብራቱ በራ፣ የፊት መብራቱ ግን ጨለማ ነው። ልጁ ወዲያው ገባው። አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራት ከባትሪ አይመገብም፤ በቀጥታ ከዲናሞው በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌትሪክ) ነው የሚበራው። ሪሌይ ደግሞ በኤሲ ይንቀጠቀጣል እንጂ በደንብ አይይዝም። ስለዚህ 86 ቁጥር ያለበትን የሪሌዩን እግር፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ባትሪ ከሚያገኘው ከክላክሱ መስመር ሰጠነው፤ 85ን ማሳ (ኔጋቲቭ) ላይ፣ 30ን በ5 አምፔር ፊውዝ አሳልፈን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ 87ን ወደ እጀታዎቹ። ፊውዙን ባትሪው ሥር እንዲያደርገው ለመንኩት፤ ከመሪው ጋር ሲታጠፍ የሚውል ሽቦ አንድ ቀን መላጡ ስለማይቀር፣ ፊውዙ ከሚላጠው ቦታ በፊት ካልሆነ ሽቦውን ከእሳት አያድነውም።

እጀታውን ራሱን ቤት ገጠምኩት። አሮጌውን በምላጭ መቅደድ ይቻላል፤ እኔ ግን ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቼ የሳሙና ውኃ አጠጣሁትና ጠምዝዤ አወጣሁት፤ አንድ ቀን ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የጋዙ ቱቦ ነው። ፋብሪካው ላስቲኩ እንዳይዞር ብሎ በርዝመቱ ትንንሽ ጉብታዎች አውጥቶበታል፤ አዲሱ እጀታ ደግሞ ልሙጥ ቱቦ ነው የሚፈልገው። ጉብታዎቹን በሞረድ ዝቅ አደረግሁና በብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩ፤ እየሞረድኩ መለካት፣ እንደገና መሞረድ። በእጅ ግፊት ጥብቅ ብሎ ሲገባ በቃ። በመዶሻ ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም፤ የሚያሞቀው ሽቦ ላስቲኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ሊበጠስ ይችላል። እጀታው ቢረዝምም በዚሁ ምክንያት አይቆረጥም።

ማጣበቂያው ቶሎ ስለሚይዝ መጀመሪያ በደረቁ አስገብቼ የሽቦው መውጫ የት እንደሚውል ምልክት አደረግሁ። በግራ በኩል ከፍሪሲዮኑ እስከራቀ ድረስ ችግር የለም። በቀኝ ግን ሽቦው ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ጋዝ ተዘግቶም ሙሉ ተከፍቶም የፍሬኑን መያዣ እንዳይነካ፣ እንዳይወጠርም ትርፍ ርዝመት ሰጥቼ ነው ያሰርኩት። በእጀታውና በመብራት ማብሪያው ቤት መካከልም ስስ ክፍተት ተውኩ፤ ከተነካኩ ጋዙ ይከብዳል። ይህ ክፍል ቸኩሎ የሚታለፍ አይደለም። በራሱ የማይመለስ ጋዝ ከብርድ ይልቅ ሰው ይገድላል። ማጣበቂያው አድሮ ከደረቀ በኋላ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥቼ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዞርኩት፤ ዙሩ አልጨመረም። ጋዙን ከፍቼ ስለቀውም ወዲያው ይመለሳል። ማንም ቢገጥምላችሁ ይህን ሳታዩ ከጋራዥ አትውጡ።

በሥራ ላይ ያየሁት አንድ ልዩነት አለ፤ ግራው ከቀኙ ዘግይቶ ይሞቃል። ቀኙ ሥር ያለው ፕላስቲክ ሙቀቱን ያቅባል፤ ግራው ሥር ያለው ብረት ግን ሙቀቱን ጠጥቶ በመሪው ርዝመት ያሳልፈዋል። ለግራው የበለጠ ኃይል ሰጥተው ይህን የሚያካክሱ ፋብሪካዎች አሉ፤ የእኔ እንደዚያ አይደለም። እጀታውን ከማጣበቄ በፊት ግራው ብረት ላይ ሙቀት የሚችል ስስ ቴፕ አንድ ዙር ብጠቀልል ይረዳ ነበር፤ ክፍተቱ ከፈቀደ እናንተ ሞክሩት።

ሌላው ነፋሱ ነው። እጀታው የሚያሞቀው መዳፍን ነው፤ ነፋስና ዝናብ የሚመታው የጣትን ጀርባ። መዳፌ እየሞቀ ጣቶቼ ሲቀዘቅዙ ከመሪው ፊት የሚታሰር የፕላስቲክ የእጅ መከለያ ጨመርኩ፤ ለውጡ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። ከተከለለ በኋላ መካከለኛው ሙቀት ይበቃኛል፤ ከፍተኛውን ዳገቱ መጨረሻ ላይ ጭጋግ ሲውጠኝ ብቻ ነው የምከፍተው፤ ለባትሪውም ይህ ይሻለዋል። ብር አጥሮት ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ መከለያውን አስቀድም እለዋለሁ፤ ሽቦ አይፈልግም፣ ኤሌትራውቶ አይፈልግም፣ ቤት ውስጥ በአንድ የብሎን መፍቻ ይታሰራል።