የእህቴን ልጅ ፎርስ ሳስጠና የሠራሁት ጥፋት

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የምትኖረው እኔ ጋ ነው፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ፊዚክስ ላስጠናሽ ያልኳት ራሴ ነኝ። ማንም አልለመነኝም። በተማሪነቴ ፊዚክስ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ማርክና ሦስት ቀን ፈቃድ ይተርፈኝ ነበር።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ፎርስ መግፋት ወይም መሳብ ነው። የሚለካው በኒውተን ነው። ተነካክቶ የሚሠራ አለ፦ ፍሪክሽን (ሰበቃ)፣ የተወጠረ ገመድ የሚስብበት ቴንሽን፣ ወለል ወደ ላይ የሚገፋበት ኖርማል ፎርስ። ሳይነካ የሚሠራም አለ፦ የመሬት ስበት፣ ማግኔት፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ። አንድ ማታ ይበቃል።

በአማርኛ "ኃይል" እያልኩ ነበር የጀመርኩት። ሚጡ (እንደዚያ ነው የምጠራት) "ኢነርጂውን ነው ፓወሩን?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ኃይልም ጉልበትም ያልተሸከሙት ነገር የለም። ተውኩትና ፎርስ አልኩ።

ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከቤታችን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አይጠፋም። ከሱ የተሻለ ላብራቶሪ አላውቅም። ውኃው 20 ኪሎ፣ ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ገደማ። ይህ ማሱ ነው፣ የያዘው ቁስ መጠን። ክብደቱን፣ ማለትም መሬት የምትስብበትን ፎርስ፣ ለማግኘት በመሬት ስበት ቁጥር፣ በ9.8፣ ማባዛት ነው፤ 206 ኒውተን ይሆናል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ ቁጥሩ ወደ 9.77 ይወርዳል። ፈተና ላይ ግን 9.8 በሉ።) ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እኩል ከያዘው ለእያንዳንዱ 103 ይደርሰዋል። ሲሚንቶ ላይ ስትጎትቱት መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይቀላል፤ የቆመ ነገር ፍሪክሽን ከሚንሸራተት ነገር ፍሪክሽን ስለሚበልጥ ነው። ይህ ሁሉ በደንብ ሄደ። ልቤ ያበጠው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ መጣ፦ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ፣ ያኛውም በእኩል ፎርስ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ ጥንዱ አክሽንና ሪአክሽን ይባላል። ኒውተን ሕጎቹን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፤ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ የነገሡበት ዘመን። ይህን ሁሉ አስታውሼ ሕጉን ግን አበላሸሁት። "ጀሪካኑ በክብደቱ ወደ ታች፣ ወለሉ በኖርማል ፎርስ ወደ ላይ፤ እኩልና ተቃራኒ፤ አክሽንና ሪአክሽን ማለት ይኸው ነው" አልኳት።

"አጎቴ፣ መምህራችን እነዚህ ጥንድ አይደሉም ብሎናል እኮ።"

"አልሰማሽውም ማለት ነው" አልኳት። በቃ። እንደዚህ ነው ያልኩት።

ሚድ ፈተና ላይ መጣ። የእኔን መልስ ጻፈች። ኤክስ፣ ሁለት ማርክ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገና ሳልቀመጥ "ወላጅ ነዎት?" አሉኝ። አጎቷ ነኝ አልኩ። "እንግዲያው ከወላጅ ደብዳቤ።" እህቴን አጽፌ ሁለተኛ ቀን ሄድኩ፤ ስብሰባ ነው ተባልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘበኛው አጠገብ ቆምኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ የምሳ ሰዓት ሆነ። ልጅቷን በየቀኑ የማበላ እኔ፣ ስለ ሁለት ማርክ ለመጠየቅ ደብዳቤ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን መምህሩን አገኘሁት። ወጣት ነው፣ እጁ ላይ ጠመኔ አለ። አልተከራከረኝም። "ጀሪካኑን መሬት እንዳለ እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ቢስቡት፣ ግን ባይነሳ፣ ክብደቱ ይቀንሳል?"

"አይቀንስም።"

"ወለሉ የሚገፋውስ?"

ዝም አልኩ። "ክፍል ውስጥ አስተምሬያት ነበር" አለ፤ "ቤት የሚያስጠናት ሰው ያለ ይመስለኛል።" እኔ ነኝ አላልኩም።

ያን ቀን ማታ ከቦቴ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ታክሲ መያዣው ጋ ሰው የሚመዝነው ልጅ ሚዛኑን ዘርግቷል። ጀሪካኑን ጫንኩበት። 21 ኪሎ። እጀታውን ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ሳብኩ። 18፣ 15፣ 11። ልጁ ጮኸ፦ "ጋሼ አትያዘው! ሚዛኑ ይዋሻል!"

ሚዛኑ አልዋሸም። የሚለካው የጀሪካኑን ክብደት ሳይሆን ራሱ የሚገፋበትን ፎርስ ነው። ውኃው አልፈሰሰም፣ ክብደቱ አሁንም 206 ነው፤ ሚዛኑ ግን 11 ሲል 108 ገደማ ብቻ ነው የሚገፋው (11 በ9.8)፣ ቀሪውን 98 የያዘው እጄ ነው። ክብደቱና የሚዛኑ ግፊት አክሽንና ሪአክሽን ቢሆኑ ኖሮ መቼም ሊለያዩ አይችሉም ነበር። ልጁ የሦስት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ።

ሌሊቱን ሳሰላስል መፍትሔው አማርኛችን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። "መሬት ጀሪካኑን ትስባለች።" አሁን "ን"ዋን ቦታ ቀይሩ፦ ጀሪካኑ መሬትን ይስባል። ጥንዱ ይህ ነው። መሬትም በ206 ኒውተን ትሳባለች፤ ከግዝፈቷ የተነሳ አይታወቅባትም እንጂ። ሌላው ጥንድ፦ ወለሉ ጀሪካኑን ይገፋል፣ ጀሪካኑ ወለሉን ይገፋል። ግሡ ከተቀየረ ጥንድ አይደለም። እኔ "ይስባል"ን ከ"ይገፋል" ጋር ነበር ያጋባሁት። ክብደትና ኖርማል ፎርስ ሁለቱም ያረፉት ጀሪካኑ ላይ ነው፤ እኩል የሆኑት ጀሪካኑ ስለቆመና ሌላ የሚነካው ስለሌለ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደብተር ላይ የሚሰጠውን የፎርስ ዓይነቶች ሰንጠረዥ አታስሸምድዱ። ትምህርት ቤቶች ይወዱታል፣ ለማረምም ይመቻል። እኔ ግን ልጁ ሥዕል ይሣል፣ እያንዳንዱን ፎርስ በቀስት ያሳይ እላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቀስት "ማን ማንን?" ብሎ ይመልስ። መልስ ያላገኘለት ቀስት ውሸት ነው፣ ያጥፋው። "ለእያንዳንዱ አክሽን እኩልና ተቃራኒ ሪአክሽን አለ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኔ ቤት ከልክያለሁ።

ለሚጡ በማግስቱ ነገርኳት። "ነግሬህ ነበር እኮ" ብላ ዝም አለች። ሁለቱ ማርክ አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጀሪካኑን ግራና ቀኝ ይዘን ደረጃውን ስንወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጇን ላላ አደረገችው። ክንዴ ሲወጠር ታየኛለች።

"አሁን ስንት ኒውተን ደረሰህ?"