ሀገረ ዳዊትን ዜግነት ያደረግኩበት ሌሊት

ግዕዝ ለማጥናት ላቲን ያስፈልግሃል ብሎ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም እስቅበት ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። ዛሬም ማንኛውም የግዕዝ ተመራማሪ የሚያገላብጠው የጀርመናዊው የዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1865 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ላይፕዚግ ሲታተም ፍቺውን የሰጠው በላቲን ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ላቲን ነው። በ1698 ያወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሳይቀር አማርኛን በላቲን ይፈታል። ከእኛው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ቋንቋ መልሶ ለእኛ በላቲን! በቃ፣ ሌላ መንገድ የለም፤ ገባሁበት።

መጀመሪያ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲልማን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ፤ ቃሉን በፊደል ጽፋችሁ ትፈልጋላችሁ። የሚወጣላችሁን ላቲን ገልብጣችሁ ሎጌዮን ላይ ትለጥፋላችሁ። ይህ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገጽ በርካታ መዝገበ ቃላትን ጎን ለጎን ይደረድርላችኋል። የቃሉ መጨረሻ ከተምታታባችሁ የዊቴከርን ‹ወርድስ› የተባለ የላቲን ቃል መፍቻ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ግሡንም ስሙንም ከነርባታው ይዘረዝራል። የትኛው እንደሆነ ግን አይመርጥላችሁም።

ሁለት ዓመት ሰዋስው ሳትማሩ ኦንላይን መዝገበ ቃላት እንዳትነኩ የሚሉ መምህራን አሉ። አልስማማም። ሦስት ወር የስምና የግሥ መጨረሻዎችን ካጠናችሁ ይበቃል፤ ሌላው እየሠሩ የሚመጣ ነው።

ፊደሉ ላይ ግን ሁለት ቀን አቃጥያለሁ። ሕግ ማለት የሆነውን ‹ዩስ› አንዱ መዝገብ በአይ፣ ሌላው በጄ ይጽፈዋል። በሉዶልፍ ዘመን ደግሞ ረጅሙ ኤስ ቁርጥ ኤፍ ይመስላል። ስካኑን ያነበበው ኮምፒውተርም ኤፍ ብሎ መዝግቦታል። ስለዚህ ኤስ ያለበት ቃል ፈልጋችሁ ካጣችሁ በኤፍ ሞክሩ። እኔ ይህን እስካውቅ ሉዶልፍ ላይ የሌለ እየመሰለኝ ስንቱን ቃል አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ።

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ አንድ ገድል ይዤ ነበር። ከግዕዙ ጋር የላቲን ትርጉም አብሮ ታትሟል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ግዕዙ ‹ሀገር› ባለበት ቦታ ላቲኑ ‹ሲቪታስ› ማለቱን አየሁ። ሉዊስና ሾርትን ከፈትኩ፤ የ1879 መዝገበ ቃላት ነው፣ ሁሉም ያምነዋል። የመጀመሪያው ፍቺ ምን ይላል? የሮም ዜጋ የመሆን መብት፣ ዜግነት። ሁለተኛው፦ በአንድነት የሚኖሩ ዜጎች፣ መንግሥት። ልቤ ድው ድው አለ። የግዕዙ ‹ሀገር› የዜግነት ሐሳብ አለበት ማለት ነው! እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላየውም?

እስኪነጋ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ዜግነት ነበረ የሚል ስድስት ገጽ። አማካሪዬ አንብበው በኅዳጉ ላይ ‹አስደሳች› ብለው መለሱልኝ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። አስደሳች ከማለት አንድ ጊዜ ‹እርግጠኛ ነህ?› ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ አቀረብኩት። ስላይድ ሁሉ ነበረኝ። አርባ ደቂቃ ስናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ መሪጌታ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጌታ የተወለደው የት ነው?»

«ቤተ ልሔም፣ የኔታ።»

«መልአኩስ ለእረኞቹ የት ተወለደ አላቸው?»

«በሀገረ ዳ…»

አልጨረስኩትም። መሪጌታ ግን ጨረሱልኝ። «እንግዲህ በዳዊት ዜግነት ውስጥ ተወለደ ልትለን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ቤት ገብቼ ያንኑ ገጽ መልሼ ከፈትኩት። ‹ከተማ› የሚለው ፍቺ እዚያው አለ። ወረድ ብሎ ተቀምጧል፤ በእነ ሲሴሮ፣ በጥንቶቹ የሮም ጸሐፊዎች ዘመን እንደማይታይ፣ ኋላ የመጣ አገባብ እንደሆነም ይናገራል። ወደ ታች አልወረድኩም እንጂ መዝገቡ አልዋሸኝም። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቩልጋታም ሀገረ ዳዊትን ‹ሲቪታስ ዳዊት› ነው የሚላት። በ1678 የታተመውና ዛሬ ኦንላይን በነጻ የሚገኘው የዱ ካንዥ የመካከለኛው ዘመን ላቲን መዝገብ ደግሞ ጳጳስ የሚቀመጥበት ከተማ ይላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በግዕዝ ሀገር ከተማ መሆኑን በልጅነቴ ዳዊት ስደግም አውቀው ነበር። የዛሬው አማርኛ ‹ሀገር› በአንድ ወገን፣ የሮማውያኑ ላቲን በሌላ ወገን ጎትተው ጣሉኝ።

ስለዚህ እኔ አሁን የላቲን ፍቺ የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ላቲን የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከታች ነውና። ከኦክስፎርዱ የላቲን መዝገበ ቃላት ጀምሩ የሚሏችሁን አትስሙ። ግሩም ሥራ ነው፤ ግን በ200 ዓ.ም. አካባቢ ይቆማል። ቩልጋታ የተሠራው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ግዕዝን ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች ጆሮ ደግሞ በቩልጋታ የተሞላ ነው። ሙኒክ ውስጥ በ1894 የተጀመረው ትልቁ የላቲን መዝገበ ቃላት ‹ቴሳውሩስ›ም ገና አላለቀም፤ የወጡት ጥራዞች ግን በነጻ ይወርዳሉ። ችግሩ ላቲንን የሚፈታው በላቲን መሆኑ ነው። ለጀማሪ ቅጣት ነው።

እኔን የሚያድነኝ ቀላሉ ነገር ነው። የግዕዙን መጽሐፍ ቅዱስና ቩልጋታን ጎን ለጎን እከፍታለሁ። ‹ሳይኩሉም› የሚለውን ሮማውያን ትውልድ ወይም መቶ ዓመት ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግን ዘመንም ዓለምም ይሆናል። ‹ለዓለመ ዓለም› እያለ ላደገ ሰው ይህ ምን ይከብዳል? እንግሊዛዊው ተማሪ ነው የሚቸገረው።

አንድ ነገር ቀረ። በክፍያ ብቻ የሚከፈት ሰፊ የላቲን ጽሑፎች ዳታቤዝ አለ፤ ‹ሲቪታስ› ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በዘመን ለይቶ ያወጣል። ከሴሚናሩ አራት ወር በፊት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት አመልክቼ ነበር። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ። ማኅተሙ አይታይም አሉኝ፣ ደግሜ አስመታሁ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። የፈቃዱ ኢሜይል የደረሰኝ መመረቂያዬን ካስረከብኩ ከ11 ቀን በኋላ ነው። የሚሠራው ለአንድ ወር፣ ያውም ከሕንጻው ውስጥ ብቻ።