እንኳን አደረሳችሁ፤ ግን የት?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የቀራችሁም፣ ባሕር ማዶ ያላችሁም።

ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ አድራለች። የጦሳ ተራራ ገና አልታየም። የችቦው ጭስ ከጋቢዬ አልወጣም።

ዘንድሮ 33 ሞላኝ። በሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ፣ እውነቴን ነው፣ በዓል እፈራ ነበር። ዘመድ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታዲያ አሁን የት ደረስክ?» ነው። ሥራ? ቤት? ትዳር? ዶሮ ወጡ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

23 ዓመቴ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቁጭ ብለን፣ ኮምቦልቻን ቁልቁል እያየን «ከአምስት ዓመት በኋላ» የሚል ጨዋታ ተጫወትን። አንዱ መኪና አለ። አንዱ አሜሪካ። እኔ ፒያሳ ላይ የራሴ ሱቅ። 28 ሲሞላኝ የሰው ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እሠራ ነበር። ሥራው አልከፋኝም። የከበደኝ ያ የ23 ዓመቱ ልጅ ነው፤ መጥቶ ቢያየኝ ያፍርብኛል እያልኩ።

ኋላ ላይ ሐነስ ሽዋንት የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2016 በፈረንጆቹ ያሳተመውን ጥናት ሳገኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ጀርመኖች በየዓመቱ ሁለት ነገር ይጠየቁ ነበር። ዛሬ በሕይወትህ ምን ያህል ረክተሃል፣ ከ0 እስከ 10? ከአምስት ዓመት በኋላስ? ወጣቶቹ ለነገ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቀኑ ሲደርስ እርካታቸው ከገመቱት በታች ይሆናል። አዛውንቶቹ ደግሞ ከጠበቁት በላይ ረክተው ይገኛሉ። ለካ ያንን ጨዋታ የምንጫወተው ሐረጎ ላይ ብቻ አልነበረም!

እርግጥ የጀርመን ልክ ለደሴ ልጅ ሁሌ አይሆንም። በ2014 በጦርነቱ ከከተማ ወጥተን ስንመለስ፣ ቤታችን ቆሞ ሳየው የተሰማኝ ነገር ከ10 ስንት እንደሚባል እንጃ። ያኔ የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ትናንት ማታ ችቦው ካለቀ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። ዱዓ አደረጉልን፣ አሚን አልን። ሁለተኛው ሲቀዳ ወደኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ የት ደረስክ?»

«እዚሁ ነኝ እማማ።»

«እንግዲያ ተነስና ፈንዲሻውን አዙር» አሉኝ።