ሲጥ ሲጥ ያሉት ብሎኖች

ብሎኖቹን ግሪስ የቀባኋቸው ሲጥ ሲጥ እያሉ ስላስቸገሩኝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሥራዬ ፊውል ሴል መገጣጠምና መሞከር ነው። ሃይድሮጅንና አየር እናስገባለን፣ ኤሌክትሪክ እናወጣለን። ሴሏ እንደ ሳንድዊች ናት። መሀሏ ላይ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን፣ ግራና ቀኝ የካርቦን ወረቀት፣ ከዚያ የጋዝ ቦዮች የተፈለፈሉባቸው የግራፋይት ፕሌቶች አሉ። ሁሉንም አጣብቀው የሚይዙት ዳር ዳሩን የገቡ 8 ብሎኖች ናቸው። ከላሉ ፕሌቱና ወረቀቱ በደንብ አይነካኩም፤ ኤሌክትሪኩ በሙቀት ይባክናል፣ ጋዙም ያፈተልካል። «ጠበቅ አድርገው» እኛ ጋ የዕለት ቋንቋ ነው።

እንደ ወትሮው ማዶ ለማዶ እያፈራረቅኩ፣ ቶርክ ሬንቹ (የማዞሪያ ጉልበቱ የተሞላለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል መፍቻ) በተለመደው ቁጥር ቀጭ እስኪል አሰርኩ። ሬዚስታንሷን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የምታደርገውን መከላከል፣ ስለካ እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ዝቅተኛው! አለቃዬ ጋ ሄጄ ጉራዬን ነዛሁ።

ደስታዬ ከሰዓት አልደረሰም። ጭነቱ ትንሽ እያለ ቮልቴጁ ሸጋ ነበር። ከረንቱን ስጨምር ግን 0.6 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቁልቁል ተምዘገዘገ። አየር ስጨምርላት ትንሽ ነፍስ ትዘራና መልሳ ትወድቃለች። ሴል ሲሠራ ውሃ ያመርታል፤ ውሃው መውጫ ካጣ የኦክስጅኑን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ጥፋቱን በእርጥበቱ ላይ ጥዬ ግማሽ ቀን ጋዙን ከሚያረጥበው መሣሪያ ጋር ስታገል ዋልኩ።

አለቃዬ መጥተው ስክሪኑን አዩ። «የቀየርከው ነገር አለ?»

«ምንም የለም።» እውነትም የለም መስሎኝ ነበር።

«በል ፍታት።»

ፈታኋት። የፕሌቱ ቦዮች ወረቀቱ ላይ እንደ ማኅተም ታትመዋል። ጣቴን ባሳርፍበት ጥቁር ብናኝ ተከትሎኝ መጣ፤ የተሰባበረ የካርቦን ክር ነው። ይህ ወረቀት ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጋዙ የሚገባውም ውሃው የሚወጣውም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ጨፍልቄያቸዋለሁ። ያ የኮራሁበት ሬዚስታንስም ያማረው በዚሁ ጭፍለቃ ነው። ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚደፍነው ጋስኬትም ለስላሳ ጎማ በመሆኑ «በቃህ» ብሎ የሚያስቆመኝም አልነበረም።

አለቃዬ አንዱን ብሎን አንስተው በጣታቸው አሻሹት። ግሪሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቶርክ ሬንች የሚያውቀው ብሎኑ ለመዞር የጠየቀውን ጉልበት እንጂ ሴሉ ምን ያህል እንደተጨመቀ አይደለም። በደረቅ ብሎን አብዛኛውን ጉልበት ሰበቃ ይበላዋል። ግሪስ ሲቀባ ሰበቃው ይቀንስና በዚያው ቁጥር የበለጠ ይጨምቃል። ሰበቃው ሲቀንስ አብሮ የሚቀንሰውን የተለመደ የስሌት ቁጥር፣ ለደረቅ ብሎን 0.2፣ ለተቀባ 0.15 ይዤ ሳሰላው ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጫና ወጣ።

ወረቀቱን ቀይረን፣ በግፊት ልክ የሚቀላ ፊልም መሀል አስገብተን ድጋሚ አሰርናት። በዚህም ሌላ ጉድ ወጣ። ዳር ዳሩ ደም መስሏል፣ መሀሉ ገርጥቷል። ለካ የውጪው ማሰሪያ ፕሌት ስስ ስለሆነ ብሎኖቹ ሲጎትቱት ይጎብጣል። እሱንም በወፍራም ተካነው።

አሁን ብሎኖቹን ሁልጊዜ እንቀባቸዋለን። የቶርኩ ቁጥር ግን ዝቅ ብሏል። አዲሱ ቁጥር በእኔው የእጅ ጽሑፍ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተለጥፏል።